ጋሽ ሙሄና የሌላ መኪና ቴስታ

የጋሽ ሙሄን ሞት የነገረኝ ሹፌራችን ታደለ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የክትባት ክፍሉን መስኮት አንኳኳና፣ «ሲስተር፣ ጋሽ ሙሄ አረፉ አሉ። ትናንት ከሰዓት ተቀበሩ» አለኝ።

አላመንኩም። ማን ነገረህ አልኩት። ከሞጣ የመጣ የሚኒባስ ሹፌር ነው አለኝ። ሹፌሩ በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ሞጣ ውስጥስ ስንት ሙሄ አለ? ስልኬን አወጣሁና የጋሽ ሙሄን ቁጥር ደወልኩ። ብዙ ከጠራ በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ አነሱት። «ሲስተር» አሉና አለቀሱ። ያኔ አመንኩ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያደረግሁት የታወቀኝ። ሞት ተነግሮኝ ምስክር የምጠይቅ ሰው ያደረጉኝ ራሳቸው ጋሽ ሙሄ ናቸው። እሳቸው የሰሙትን ሳያዩ፣ ያዩትን ሳይነኩ፣ የነኩትንም ሳይደግሙ የማያምኑ ሰው ነበሩ።

ሞጣ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ጋራዣቸው ሰሌዳ አልነበረውም። ከገበያው ቁልቁል ሲወረድ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። ረጅምና ቀጭን፣ ጢማቸውን አሳጥረው የሚከረከሙ፣ ስልሳውን ያለፉ ሰው ነበሩ። በቱታቸው የግራ ኪስ ሁልጊዜ ነጭ ጨርቅ ይይዛሉ። ታጥቧል የተባለ እቃ ሲያመጡላቸው ጣታቸውን በእቃው ላይ ያሹና ጣቱን በጨርቁ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ጨርቁን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ያዩታል። ብዙ ጊዜ «አልታጠበም» ይላሉ። የመሣሪያ ሳጥናቸውን ቆልፈው ሲሄዱ ከበሩ ተመልሰው ቁልፉን ሁለቴ ሳይነቀንቁ አይወጡም።

«ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ማለት ይወዱ ነበር። ይህንን ተረት ማንም ይለዋል። እሳቸው ግን ገንፎ ሲቀርብላቸው እውነትም በማንኪያው ጀርባ ይዳብሱት እንደነበር እትዬ ዘሀራ ነግረውኛል።

የተዋወቅነው በመኪና ምክንያት ነው። እኔ የዚህ አገር ልጅ አይደለሁም፤ ተመድቤ መጥቼ ቢቸና አቅራቢያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ቀረሁ። ያለችን መኪና አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ብቻ ናት። ክትባቱም፣ መድኃኒቱም፣ ምጥ የያዛት እናትም የሚመጣው በእሷ ነው። አንድ ቀን ከቆላው ቀበሌ አንዲት ወላድ ይዘን ስንወጣ ዳገቱ መሃል ላይ ሞተሩ ጨሰ፤ ጥቂት ከሄድን በኋላም ጨርሶ ቆመ። ሰዎች ከየማሳቸው ተጠርተው መጡና ሴትዮዋን በቃሬዛ ተሸክመው ዋናው መንገድ አደረሱልን። እናትም ልጅም ተረፉ፤ ለጥቂት ነው የተረፉት እንጂ በእኛ ጥንቃቄ አልነበረም።

ቢቸና ያሳየነው መካኒክ ቴስታው ተሰንጥቋል አለን። ቴስታ የሚሉት የሞተሩን ራስ ነው፤ ከላይ እንደ ክዳን ተቀምጦ እሳቱንና ውሃውን የሚለየው ክፍል። አዲሱ አይገኝም፤ ቢገኝም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ወቅቱ ደግሞ መንገድ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት የሚዘጋበት ነበር። ሰውም ሰውን በጎሪጥ የሚያይበት ጊዜ ነው። ማን ለማን እንደሚያወራ ስለማይታወቅ ሻይ ቤት ውስጥ እንኳ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚወራው።

ሞጣ አንድ ሰው አሉ ያለው ታደለ ነው። ኃላፊያችን ተስማማ፤ እኔን ግን ለብቻዬ ጠራኝና ጋራዥ የገባ መኪና በጤና እንደማይወጣ፣ ደህናውን እቃ ፈትተው አሮጌ እንደሚገጥሙ፣ ስለዚህ ከመካኒኩ አጠገብ እንዳልለይ አስጠነቀቀኝ። እኔም በበኩሌ የማደርገውን አሰብኩ። መኪናዋ ልትሄድ ዋዜማ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ሠራተኛው ሲወጣ፣ የጥፍር ቀለሜን ይዤ ሞተሩ ላይ ዘጠኝ ቦታ፣ ከማይታይ ጎን፣ ትንንሽ ቀይ ነጥብ አደረግሁ። ባትሪው፣ ራዲያተሩ፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ ሊፈታ ይችላል ያልኩት ሁሉ ላይ። ለማንም አልነገርኩም። በማግስቱ በጭነት መኪና እያስጎተትናት በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባን።

ጋሽ ሙሄ ከመኪናዋ በፊት እኛን ነበር ያዩት። ሰላምታ እንደተለዋወጥን ታደለን ወደ ዋንዛው ጥላ ወስደው ለብቻው ጠየቁት፤ ከዚያ እኔን ለብቻዬ። የሙቀት መለኪያው ከፍ ያለው የት ላይ ነው? የሚነዳው ማን ነበር? ውሃ የተጨመረው ሞተሩ ሳይበርድ ነው ከበረደ በኋላ? መርማሪ ፖሊስ እንጂ መካኒክ አይመስሉም። ሲጨርሱ ሁለታችንንም አቆሙና፣ «እሱ ወዲያው አቆምኩ ይላል። አንቺ ከጨሰ በኋላም ሄደናል ትያለሽ። እስቲ እሷን እንጠይቃት» ብለው መኪናዋን አሳዩን።

እርስ በርሳችን ሊያናክሱን ነው ብዬ ጠረጠርኩ። የተጣላ ሰው አይተባበርም፤ የማይተባበር ሰው ደግሞ ዕቃውን አይጠብቅም።

በማግስቱ ቴስታውን አወረዱት። በሁለቱ ቫልቮች መሃል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበረው፤ ብረቱም በሙቀት ብዛት ጠምሟል። «ለአንቺ ነው የመሰከረችው» አሉኝ። ታደለ አንገቱን ደፋ። ታደለ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ዘፈን የማያጣ፣ ለወላድ ሲሆን ሌሊትም ተነሥቶ የሚነዳ ሰው ነው። እኔ አምነው ነበር። ያን ቀን ለምን እንደዋሸ አልጠየቅሁትም፤ ሹፌር ሁሉ ወዲያው አቆምኩ ነው የሚለው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ጋሽ ሙሄ ከጓዳቸው በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ሌላ ቴስታ አወጡ። የእኛ መኪና ዓይነት አይደለም፤ ከእሷ በኋላ ከተሠራ ሞተር የተፈታ ነው። ወድቆ ከተሰባበረ ሚኒባስ ላይ እንዳገኙት ሳይደብቁ ነገሩን።

«ይገጥማል?» አልኳቸው።

«ወንድማማቾች ናቸው። ቡሎኑ የሚገባበት ቦታ አንድ ነው። ግን ወንድማማች ሁሉ ይስማማል እንዴ? ሳልፈትነው አልምልልሽም።»

ለኃላፊዬ ደወልኩ። የወደቀ መኪና ቁርጥራጭ ሊያራግፍብን ነው፣ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ አለኝ። አማራጭ ግን አልነበረንም። ሞጣ ተመድባ ከምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቤት እያደርኩ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጋራዥ ዋልኩ።

ጋሽ ሙሄ በርጩማ አምጥተው ራሳቸው ቦታ መረጡልኝ። «ከዚህ ሆነሽ የማይታይሽ ነገር ካለ ንገሪኝ፤ መኪናዋን አዞራታለሁ» አሉኝ። እንዲህ ማለታቸው ጥርጣሬዬን ጨመረብኝ። ሌባ የሚደብቀው በጨለማ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዱ በግልጽነት ይደብቃል አልኩ ለራሴ።

የመጀመሪያው ፈተና የላምባ ነበር። ቴስታውን ገልብጠው በላምባ አረጠቡት፣ ጥቂት አቆይተው ጥርግ አድርገው አደረቁት፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ነሰነሱበት። ስንጥቅ ካለው የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና በነጩ ዱቄት ላይ መስመር ያሰምራል አሉኝ። መስመር አልወጣም። አላመኑትም፤ ደገሙት። ሁለተኛም አልወጣም። ጠመኔውን ሰጡኝና «ሦስተኛውን አንቺ አድርጊው፤ የእኔን እጅ አትመኚው» አሉ። እንዳሉት አደረግሁ። አሮጌው ቴስታ ላይ ስሞክረው ግን ስንጥቁ ወዲያው ጥርት ብሎ ታየ።

ቀጥሎ በሞተሩና በቴስታው መሃል የሚገባውን ስስ ልባስ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉትን፣ በሁለቱም ላይ እያነጠፉ ቀዳዳ ከቀዳዳ አስተያዩ። አንዱ የውሃ መተላለፊያ ሞተሩ ላይ አለ፣ ቴስታው ላይ የለም። ሌላው ቴስታው ላይ አለ፣ ከታች የሚቀበለው የለም። አንዱን በነሐስ ደፈኑት፤ አንዱን በስተው አስፋፉት። ይህ ብቻ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀ። በየመሃሉ በነጩ ጨርቅ ይጠርጋሉ፣ ያያሉ፣ አልጠራም ብለው እንደገና ይጀምራሉ።

በአራተኛው ቀን ሲሪንጅ እንድገዛላቸው ጠየቁኝ፤ ትልቁን፣ ሃያ ሲሲ የሚይዘውን። ለምን እንደሚፈልጉት ነገሩኝ፤ እኔ ግን ነርስ ነኝ፣ በሲሪንጅ የሚሠራውን ክፉ ሥራ ሁሉ አውቃለሁ። ገዝቼ ስሰጣቸው ዓይኔን ከእጃቸው አላነሳሁም። የሚፈልጉት ለመለኪያ ነበር። እሳቱ የሚነሣባቸው አራት ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ፤ በላያቸው መስተዋት ከድነው በትንሽ ቀዳዳ ዘይት እየገፉ ስንት ሲሲ እንደሚጠጡ ቆጠሩ። አስቆጠሩኝም። ሦስቱ እኩል ሆኑ፣ አራተኛው አነሰ። ሁሉም ደግሞ ከአሮጌው ቴስታ ያነሱ ነበሩ።

«የዚህ ጎድጓዳ ጠባብ ነው» አሉኝ። «የቀድሞው ሰፊ ነበር። እንዲሁ ብገጥመው ጠዋት በደንብ ትነሣለች፣ ሜዳ ላይ ትበራለች፣ ታደለም ይመርቀኛል። ዳገት ላይ ግን ሞተሩ ታፍኖ ያንኳኳል። የምትከዳችሁ እዚያው ወላዷን ይዛችሁ የቆማችሁበት ላይ ነው።»

ስለ ወላዷ የነገርኳቸው የመጀመሪያ ቀን፣ በጥያቄው መሃል ነበር። አልረሱትም።

ሁለት ቀን ጎድጓዳዎቹን እየሞረዱ አሰፉ። ጥቂት ይሞርዳሉ፣ በሲሪንጁ ይለካሉ፣ እንደገና ይሞርዳሉ። በመጨረሻ ቫልቩ ሲወርድ ፒስተኑን እንዳይመታ ለማየት ከገበያ ሰም አስገዙ። በእጃቸው አሙቀው አለስልሰው ፒስተኑ ላይ ለጠፉት፤ ቴስታውን ለጊዜው ገጥመው ሞተሩን በእጃቸው አዞሩና መልሰው ፈቱት። ሰሙን በምላጭ ቆርጠው ውፍረቱን ለኩ። ለእኔም አሳዩኝ። ቫልቩ የረገጠበት ልክ እንደ ጣት አሻራ ሰሙ ላይ ቀርቷል።

ልቤ ማመን የጀመረው እዚያ ላይ ነበር። በዚያው ቀን ግን ሌላ ነገር መጣ።

ከሰዓት በኋላ ዲናሞውን ሊያጥቡት ፈቱት። ከሞተሩ ሥር ስለሆነ ያደረግሁበትን ቀይ ነጥብ መኪናዋን ካመጣን ጀምሮ አይቼው አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ተነሥቼ አገላብጬ አየሁ። ነጥቡ የለም። እንደገና አገላበጥኩ። ቅርጹ የእኛን ይመስላል፤ ነጥብ ግን የለውም። የስድስት ቀን ጥርጣሬዬ በአንዴ ተመለሰ።

«ይሄ ዲናሞ የእኛ አይደለም» አልኩ።

ጋሽ ሙሄ ቀና ብለው አዩኝ። አልደነገጡም፤ ያ ይበልጥ አናደደኝ። ምልክት አድርጌ እንደነበር፣ ምልክቱ እንደሌለ፣ ለፖሊስ እንደምደውል ነገርኳቸው። ስልኬን አወጣሁ።

«ደውይ» አሉኝ። «ፖሊስ ይምጣ። መደወሉ ደግ ነው። ግን በፊት የበሩን ጀርባ እይልኝ።»

የጓዳው በር ጀርባ ላይ በጠመኔ ዝርዝር ተጽፏል። ከላይ የገባንበት ቀን አለ። ሥሩ «ቀይ ነጥብ» ይላል፤ ከዚያ ባትሪ፣ ራዲያተር፣ ሞተሪኖ እያለ ይቀጥላል። ቆጠርኩት። ስምንት ነው። ዲናሞ የለበትም።

የመጀመሪያ ቀን ማታውኑ ነጥቦቼን ሁሉ አግኝተዋቸዋል ማለት ነው። ከሁሉም ላይ ካለ ዲናሞው ላይ ለምን የለም ብለው ሲያዩ፣ ቡሎኖቹ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት አገኙ። ሌላው ሁሉ አቧራ ለብሶ የዲናሞው ብቻ ተነካክቷል። ታዲያ ለምን አልነገሩንም?

«አንቺም ከፈታው ሰው ጋር አብረሽ ብትሆኚስ?» አሉኝ። «ምልክት ያደረገ ሰው ሁሉ ለጥበቃ ያደርጋል እንዴ? እኔን ለመክሰስም ይሆናል። ስለዚህ እናንተን ስጠብቅ ሰነበትኩ።»

ስድስት ቀን እኔ እሳቸውን ስጠብቅ እሳቸው እኔን ይጠብቁ ነበር። ያም ሆኖ አልተሸነፍኩም። ይህን ጽሑፍ ዛሬ ጽፈውት ቢሆንስ አልኳቸው። ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ ራሳቸውን ነቀነቁና «ጥሩ ጠይቀሻል። ለእሱ መልስ የለኝም። ደውይ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስለ ታደለ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ወደ እሱም አላዩም።

ቁጥሩን መምታት ጀመርኩ። ታደለ ዋንዛው ሥር ተቀምጦ ነበር። ተነሥቶ መጣ።

«ተይው ሲስተር» አለኝ። «ዲናሞው ቢቸና ነው። እኔ ጋ ነው።»

መኪናዋ ልትሄድ ዋዜማ ማታ ፈትቶ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ የተቃጠለ ዲናሞ እንደገጠመበት ተናገረ። ለምን ስለው፣ የሞጣ መካኒክ ይሰርቀዋል ብዬ ፈርቼ ነው፣ ደህናውን ልጠብቀው ብዬ ነው አለ። እውነትም እንደዚያ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ራሴ ከዚያ የተለየ ምን አደረግሁ? ላይሆንም ይችላል። ፊቱን አየሁት፤ ምንም አላነበብኩበትም። ጋሽ ሙሄ ሞረዳቸውን ሳያቆሙ፣ «ዓርብ እናስነሣታለን። ዲናሞ ያስፈልጋታል» አሉ ብቻ። ታደለ በዚያው ሰዓት ወደ ቢቸና የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ።

ሁለታችን ቀረን። እኔ ስልኬን ይዤ የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። ነጩን ጨርቅ አወጡ፣ እጃቸውን ጠረጉ፣ የዘይት በርሜል ላይ ተቀመጡ።

«አትቸኩዪ» አሉኝ። «ጥርጣሬሽ ልክ ነበር። አርባ ዓመት ዘገየሽ እንጂ።»

ልጅ ሆነው ሌላ ከተማ ጋራዥ ሲሠሩ ሌባ እንደነበሩ የነገሩኝ ያኔ ነው። ደህናውን ይፈታሉ፣ የሞተውን ይገጥማሉ፤ ባለመኪናው አያውቅም። ጎበዝ ነበርኩ አሉኝ፣ እንደ እኔ የሚያስመስል አልነበረም። አንድ ቀን ከአንድ እህል ጫኝ መኪና የፍሬን እቃ ለውጠው አሮጌ ገጠሙ። ከሳምንት በኋላ አንድ እህል የጫነ መኪና ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ፣ ሹፌሩ ሞተ ሲባል ሰሙ። ያው መኪና ይሁን ሌላ አላወቁም። ለመጠየቅ ፈሩ። ሥራቸውን ጥለው ወደ ሞጣ ተመለሱ። በኋላ ሊጠይቁ ሲሄዱ የሚያውቅ ሰው አጡ።

«ገድዬ ይሆናል። አልገደልኩም ይሆናል» አሉ። «እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰው ሙሄ ሰውን አያምንም ይላል። እኔ የማላምነው ይሄን ነው።» የቀኝ እጃቸውን አሳዩኝ።

ነርስ ስለሆንኩ ሰው የሚናዘዝበትን ሰዓት አውቀዋለሁ፤ ያኔ ዝም ማለት ይሻላል። እሳቸው ተነሥተው ሞረዳቸውን ያዙ።

ታደለ በማግስቱ ዲናሞውን በጆንያ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ቀዩ ነጥብ አለበት። ጋሽ ሙሄ አገላብጠው አዩት፣ ለእኔ አሳዩኝ፣ ከዚያ ለታደለ መለሱለትና «አንተ ግጠመው» አሉት። ከገጠመው በኋላ ግን ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ራሳቸው ደግመው አዩ።

ዓርብ ከስግደት ሲመለሱ ቴስታውን ለመጨረሻ ጊዜ አሰሩት። ከመሃል ጀምረው ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ ጥቂት ጥቂት እያጠበቁ። አንዱን እንኳ በአንዴ አላጠበቁም። ሞተሩ ሲነሣ ሁላችንም ዝም ብለን አዳመጥን። አንድ ወጥ ድምፅ ነበር። ታደለ ፈገግ አለ። ጋሽ ሙሄ ግን አልሳቁም፤ ራሳቸው ይዘዋት ወጡና ከከተማው ውጭ ያለውን ዳገት ሦስት ጊዜ አመላለሷት። ሲመለሱ፣ ቡሎኑ በሙቀት ስለሚላላ ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልመጣችሁ ሥራዬ ሥራ አይደለም ብለው አስማሉን።

ከዚያ ወዲህ ዝምድናችን አልተቋረጠም። መኪናዋ ለቡሎን ማጥበቂያ፣ ለዘይት፣ ለምኑም ሞጣ ትሄዳለች፤ እኔም ለስብሰባ ስሄድ ሳልጠይቃቸው አልመለስም። አንድ ጊዜ ራሳቸው ቢቸና መጡ። እትዬ ዘሀራ ናቸው የላኳቸው፤ ውሃ ጥም በዝቶባቸው፣ ክብደታቸውም ቀንሶ ነበር። ስኳራቸውን ልለካ ጣታቸውን ስይዝ ነጠቁኝ። «መጀመሪያ ራስሽን ለኪ። መለኪያው ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ራሴን ለካሁ፤ ጤነኛ ነኝ። እሳቸውን ስለካቸው በጣም ከፍ ብሎ ነበር። ሌላ መለኪያ አምጪ አሉኝ። አመጣሁ፤ ያው ነው። በሌላኛው እጅ ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ጣታቸውን ሲያዩ ቆዩና፣ «ሦስት ምስክር ቆመ እንግዲህ» አሉ። መድኃኒቱን ጀመሩ። ፍሬዎቹን ግን በየሳምንቱ እየቆጠሩ ከእትዬ ዘሀራ ቆጠራ ጋር ያስተያዩ ነበር አሉ።

እኔና ታደለም አብረን መሥራት ቀጠልን። የዲናሞውን ነገር አንስተነው አናውቅም። ለኃላፊያችንም አልነገርኩም። እውነት ለመናገር ግን ከዚያ በኋላ ታደለ መድኃኒት ሲያወርድ ካርቶኖቹን እቆጥር ነበር። እሱም እንደምቆጥር ያውቅ ነበር። ስቆጥር ዘፈኑን ያቆማል፤ ስጨርስ ይቀጥላል። ወደ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ሞታቸውን በሰማን በማግስቱ ለልቅሶ ሄድን። ግቢው ሙሉ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ሹፌሩም ነጋዴውም። እትዬ ዘሀራ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በመጨረሻ ሕመማቸው አስቸግረው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አላስቸገሩም፤ እግራቸው ከቆሰለ በኋላ ብዙም አልተናገሩም፣ ዓይናቸውም ደክሞ ነበር አሉኝ። ሥራ ግን እስከ መጨረሻው ወር አልተዉም፣ ሰው እየደገፋቸው ግቢ ይወጡ ነበር አሉ።

ስንመለስ የሚነዳው ታደለ ነበር። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን መሪውን እንደያዘ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ «ልሸጠው ነበር ሲስተር» አለ።

ምኑን ብዬ አልጠየቅሁትም።

«ገዢ ሁሉ አግኝቼ ነበር። ልጠብቀው ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። እሳቸው ያውቁ ነበር። ነግረውኝ አያውቁም፤ ግን ያውቁ ነበር። መኪናዋን ይዤ በሄድኩ ቁጥር መፍቻውን ይሰጡኝና አጥብቅ ይሉኛል። አጠብቃለሁ። ከዚያ ከኋላዬ መጥተው እያንዳንዷን ቡሎን ደግመው ያያሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ቀን እንኳ ሳያዩ አላለፉም። አንቺ ካርቶን እንደምትቆጥሪው ነው።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ባለፈው ወር ብቻዬን ሄጄ አልነበር?» አለ። «በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ መቆም አይችሉም። መፍቻውን ሰጡኝ። የቴስታውን ቡሎን ሁሉ አጠበቅሁ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ሦስት ዙር። ስጨርስ ይነሡ ይሆናል ብዬ ክንዳቸውን ልደግፍ ሄድኩ። አልተነሡም። የሞተሩን ክዳን ዝጋው አሉኝ። ሳያዩት ነው የምልሽ። አንዷንም አላዩ።» ማርሽ ቀየረ። «ዝጋውና ሂድ፣ ወላድ ትጠብቅህ ይሆናል አሉኝ።»

ሞተሩ ዳገቱን እየያዘ ነበር።

«ታዲያ ሄድክ?» አልኩት።

«ከከተማው ወጣሁና አቆምኩ» አለ ታደለ። «ክዳኑን ከፍቼ ሦስት ጊዜ አየሁት።»